በብሎኑ ፈንታ የሚበላው ብረት

መፍቻው ሲዞር መጀመሪያ ሲጥ አለ፤ ከዚያ ያለ ምንም ትግል ዞረ። መካኒኩ ይህን ልስላሴ አልወደደውም። መፍቻውን ሲያነሳው የብሎኑ ራስ አብሮ መጣ፤ አካሉ ግን ከሞተሩ የጎን ክዳን ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አሉ ባለ ሞተሩ፣ ከበርሜሉ አጠገብ ከተቀመጡበት ሳይነሱ።

«ተቆረጠ አባባ። ዝገት ይዞታል።»

«እና አዲስ ግዛበታ! የስንት ብር ብሎን ነው?»

«ብሎኑማ ይገዛል። ውስጥ የቀረውን ማን ያወጣልኛል?»

ማውጣቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተቀበረው መሃሉ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ መሰርሰሪያው ትንሽ ካዘነበለ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሞተሩ ቤት ራሱ ወደ ቶርኖ መሄዱ ነው። አሮጌ ሞተር ሳይክልን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ፒስተን ወይም ካምቢዮ አይደለም፤ አልፈታም ያለ ብሎን ነው። ሳይፈታ የሚጠገን ነገር የለማ።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። መንገደኛው ከጣርማበር ብርድ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጉም፣ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ተጠማዝዞ ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ይፋት ነው፤ ማሽላው፣ ማሾው፣ በወንዝ ውሃ የሚለማው ሽንኩርትና ፓፓያ። አስፋልቱ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያና ወዲህ ያለው ሁሉ፣ የቀወት ቀበሌዎችም ይሁኑ ከጀውሃ ወዲያ ያሉት፣ ለእግር፣ ለግመል፣ ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል የተተወ ነው።

እዚህ አገር ሞተር ሳይክል የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። ጠዋት ሁለት ኩንታል የሚያህል ሽንኩርት ተጭኖበት ያየሁት የህንድ ሞተር፣ ከሰዓት በኋላ የፀረ ተባይ መርጫ ታንክ አዝሎ ከነባለቤቱ ወንዝ ይሻገራል። በመኸር መግቢያ ዩሪያ ይሸከማል። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይወጣል። ማታ ወንዝ ዳር ቆሞ እስከ መቀመጫው ይታጠባል፤ ገና ትኩስ በሆነው ብረት ላይ ውሃ ሲረጭበት እንፋሎቱ ይጨሳል።

«ቆላ ደረቅ ነው፣ ዝገት ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ደገኛ አይጠፋም። ዝገት ዝናብ አይጠብቅም። ብረት፣ አየርና ለዓይን የማይታይ ስስ እርጥበት ከተገናኙ ይበቃዋል፤ ጨው ነገር ከተጨመረበት ደግሞ ይፈጥናል። ዩሪያና ሌላው የማዳበሪያ ብናኝ በየብሎኑ ሥር ይቀመጥና ሌሊት ከአየሩ ውሃ ይስባል። ቀን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ሌሊት እንደገና ይረጥባል። ስለዚህ ሞተሩ ላይ በጋ ሙሉ የሚታየው አቧራ ብቻ ይመስላል፤ ከአቧራው ሥር ግን ሥራ አለ። የብሎኑ ጣጣ ደግሞ ድርብ ነው፤ ብረቱ በአሉሚኒየም ውስጥ ስለሚገባ፣ ሁለቱ የተለያዩ ብረቶች በእርጥበቱ አማካይነት እንደ ባትሪ ይሠሩና አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ካበጠ በኋላ ብሎኑን ማላቀቅ ጭንቅ ነው።

አዲስ ሞተር ከካርቶን ሲወጣ ብሎኖቹ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ሰማያዊ የሚመስል ቀለም አላቸው። ቀለም አይደለም። ዚንክ ነው፤ ከላዩ ደግሞ ስስ የኬሚካል ሽፋን። ያ ሽፋን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ሲያልቅ ነው የመካኒኩ መከራ የሚጀምረው። በሰፊው ዓለም አሮጌ ሞተር የሚያድሱ ሰዎች ሽፋኑን በጓሯቸው ይመልሱታል፤ በፕላስቲክ ባልዲ፣ በአቼቶና በባትሪ። እኔንም ወደ ሮቢት ያመጣኝ ይኸው ጉዳይ ነበር፦ ይህ ሥራ ማዳበሪያ ለሚጭን፣ ወንዝ ለሚሻገር ሞተር ይረባል ወይስ አይረባም?

በመጀመሪያ ግን ዚንክ ለምን?

ቀለም ብረትን የሚጠብቀው በመሸፈን ነው። አንድ ቦታ ከተጫረ በኋላ ዝገቱ በጭረቱ ገብቶ ከቀለሙ ሥር እየተሳበ ይሄዳል። ዚንክ ከመሸፈን አልፎ በብረቱ ፈንታ ይበላል። ኬሚስቶች ብረቶችን ኤሌክትሮን ለመልቀቅ ባላቸው ችኮላ በቮልት ይደረድሯቸዋል፤ ዚንክ −0.76 ላይ፣ ብረት −0.44 ላይ ነው። ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ካገኛቸው የሚሟሟው የቸኮለው ዚንክ ነው፤ አጠገቡ ያለው ብረት፣ ጥቂት የተራቆተ ቦታ ቢኖረውም እንኳ፣ ዚንኩ እስኪያልቅ ድረስ ሳይነካ ይቆያል።

ይህን ጠባይ መጀመሪያ በደንብ ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሀምፍሪ ዴቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 የባሕር ኃይሉ መርከቦች የመዳብ ልባስ በጨው ውሃ እየተበላ ሲያስቸግር፣ ጥቂት ዚንክ ወይም ብረት ቢለጠፍበት መዳቡ እንደሚድን አሳየ። ዳነም። ነገር ግን መዳቡ መሟሟት ሲያቆም፣ የሟሟው መዳብ ይመርዛቸው የነበሩት ባሕር ወለድ ነፍሳትና አረሞች መርከቡን ወረሩት፤ ፍጥነቱ ወደቀ፤ ዘዴውም ተተወ። ከ13 ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከር የፈጠራ መብት አወጣ። የዛሬው የጣሪያ ቆርቆሯችን የዚያ ልጅ ነው። ባለ 32 ጌጅም ይሁን ስሱ ባለ 35፣ ከዝናብ የሚያስጥለን ብረቱ ቢሆንም ብረቱን ከዝናብ የሚያስጥለው ዚንክ ነው።

ይፋት ይህን ትምህርት በመራራ መንገድ አይታዋለች። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢዋ ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወርዷል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ይተናል። የሚነድ ቤት የመጀመሪያውን ሙቀት አልፎ ይሄዳል። ከቃጠሎ የወጣ ቆርቆሮ ቅርጹ የተስተካከለ ቢመስልም እንኳ ዚንኩ ሄዷል፤ የሚቀረው ራቁት ብረት ነው። ችግር ያስገደደው ሰው እየሰበሰበ ለአጥርና ለዶሮ ቤት ቢያቆመው፣ አንድ ክረምት ሳይጨርስ ይቀላል። በሚቀጥለው ጣት ያስገባል። በአገሩ ላይ የቆመ ቀይ ቆርቆሮ ሁሉ ያረጀ ማለት አይደለም፤ የተቃጠለም አለበት።

ብረትን በብረት ማልበስ ራሱ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት የብርና የነሐስ ሳንቲሞቻቸውን፣ በተለይ ከንጉሡ ምስል ዙሪያ፣ በወርቅ ይለብጡ ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት የዓለም ሳንቲሞች የሚለያቸውም አንዱ ይህ ነው። በእኛ ጊዜ ከንፈሩ የወየበ የሻይ ትሪ ወይም የሞተር ጭስ ማውጫ ያለው ሰው «ኒኬል ላስነክረው» ይላል። የኒኬልና የክሮም ሥራ ግን ለጌጥ ቅርብ ነው፤ ትንሽ ከተሰነጠቀ ከሥሩ ያለውን ብረት ያስበላዋል እንጂ አይበላለትም። ለብሎን ዚንክ ይሻላል፤ ደግነቱ ደግሞ የሚሠራው ጓዳ ውስጥ ባለ ነገር ነው።

ከጋራዡ በስተጀርባ ባለው ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ መካኒኩ የሰበሰበውን ዘረገፈ፦ የዛጉ ብሎኖች፣ ሮንዴላዎች፣ የካቴና ማጥበቂያ፣ የፍሬን ዘንግ ማያያዣ፣ ምን እንደሆነ ባለቤቱም የረሳው አንድ ቅንፍ። እናቱ ከማዕድ ቤት ብቅ ብለው ሰማያዊውን ሳህን አዩት።

«ያ የእኔ ሳህን ነው።»

«ነበር እማዬ። አሁን የሞተር ሆኗል፤ ለምግብ እንዳይመለስ።»

«አቼቶውስ?»

«እሱም።»

እሳቸው ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን ለሥራው ሁነኛ መመሪያ ነበር። ለዚህ የዋለ ዕቃ ማብሰያ ቤት አይመለስም።

የሥራው ዘጠና እጅ ኤሌክትሪክ የለበትም። መጀመሪያ ብሎኖቹ አቼቶ ውስጥ ያድራሉ፤ የሮቢት ሎሚም ቢሆን አሲዱ ዝገት ያስለቅቃል። በማግስቱ በሽቦ ቡርሽ ይፈተጋሉ፤ ጥርሶቻቸው መሃል የተቀመጠው ጥቁር እስኪወጣ። ከዚያ በኦሞና በሙቅ ውሃ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ይቸኩላል፤ ንጹሕ የሚመስል ብሎን ንጹሕ አይደለምና። የጣት ቅባት ብቻ ዚንኩን ያስነሳዋል። መፈተኛው ውሃ ነው፦ ብሎኑ ከውሃ ሲወጣ ውሃው እንደ ስስ ልብስ ሙሉውን ከሸፈነው ጥሩ፤ ነጠብጣብ እየሠራ ከሸሸ ቅባት አለ፣ ወደ ኦሞው ይመለስ። ካለፈ በኋላ በጣት መንካት የለም፤ በመዳብ ሽቦ ታስሮ ይንጠለጠላል። ይህን ዘሎ ወደ ገንዳው የሚገባ ሰው ጋን ሳያጥን ጠላ እንደሚጠምቅ ነው።

ዚንኩ የመጣው ከራዲዮ ድንጋይ ነው። ተራው ርካሹ የባትሪ ድንጋይ ውጪያዊ ቆርቆሮው ሲላጥ ከሥሩ ለስላሳ ግራጫ ጣሳ ይወጣል፤ ያ ጣሳ ዚንክ ነው። መሃሉ የካርቦን ዘንግና ጥቁር ዱቄት አለ፤ ዱቄቱ ማንጋኒዝ ነውና ሳይበተን፣ እጅም አፍም ሳይነካ ወደ ጎን ይቀመጣል። ያለቀ ድንጋይ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ራዲዮው ያወራው ዚንኩን እየበላ ስለሆነ ጣሳው ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ባለአልካላይኑ ውድ ድንጋይም አይሆንም፤ በእሱ ውስጥ ዚንኩ ዱቄት እንጂ ጣሳ አይደለም። «የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ ብንጠቀምስ?» ለሚል፣ በቆርቆሮው ላይ ያለው ዚንክ ሽፋን ብቻ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ አልቆ ከሥሩ ያለው ብረት ወደ ገንዳው መሟሟት ይጀምራል፤ ገንዳው ይበላሻል።

ገንዳው እንዲህ ነው። ነጭ አቼቶ፤ በሊትር 100 ግራም ያህል ማግኒዢየም ሰልፌት፣ ከፋርማሲ ለሆድ ድርቀት የሚገዛው ጨው፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ስኳር። ጨው ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፤ ስኳሩ የዚንኩን ቅንጣት ያደቅቀዋል፣ ሽፋኑ ለስለስ ይላል። ጥቂት የዚንክ ቁራጭ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ውስጡ ያድራል፤ አቼቶው ዚንኩን እያሟሟ አረፋ ያወጣል። ፈሳሹ ዚንክ ሳይጠግብ ሥራ መጀመር ደካማ ሽፋን ያመጣል።

አሁን ባትሪው። የዚንኩ ጣሳዎች ከፖዘቲቭ፣ ብሎኖቹ ከኔጌቲቭ። መካኒኩ ከዚህ በፊት በገዛ ራሱ ሞክሮት፣ 12 ቮልቱን በቀጥታ አገናኝቶ፣ ብሎኑ በደቂቃ ውስጥ ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ ሻጋታ ለብሶ ወጥቶለት ነበር። «ወፍራም ይሆናል ብዬ ነበር» አለ። ብዙ ኤሌክትሪክ ማለት ብዙ ዚንክ ማለት አይደለም። ዚንኩ ተራ ሳይጠብቅ ሲከመር እርስ በርሱ አይያያዝም፤ በዋናነት በጫፎቹ ላይ ይቃጠላል። መፍትሔው እዚያው ሞተሩ ላይ ነበር፦ የፍሬን መብራት አምፖል። ባለ 21 ዋት አምፖል በመስመሩ መሃል ሲገባ ከ1.75 አምፔር በላይ አያሳልፍም፤ ለትናንሽ ዕቃ ደግሞ የፍሬቻው ባለ 10 ዋት አምፖል ግማሹን ያህል ይበቃል። አምፖሉ በራ። ገንዳው ዝም አለ ማለት ይቻላል፤ ከብሎኖቹ ላይ ደቃቅ አረፋ ብቻ ይነሳል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብረቱ መልኩን ቀየረ፤ ከብረት ጥቁረት ወደ አመድማ ነጭ።

ጥበቃው የሚሰለች ስለሆነ ሒሳቡን እናስላ። ማይክል ፋራዳይ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ያወረሰን ሕግ 1 አምፔር ለ1 ሰዓት ሲፈስ ቢበዛ 1.22 ግራም ዚንክ ይዞ ይሄዳል ይለናል። የአንድ መካከለኛ ብሎን ገጽ 15 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አሥሩ 150 ይሆናሉ። ሽፋኑ 8 ማይክሮን እንዲሆን፣ የሰው ፀጉር 70 ገደማ ነው፣ ለአሥሩ 0.86 ግራም ዚንክ ያስፈልጋል። በ1.5 አምፔር 28 ደቂቃ። የአቼቶ ገንዳ ግን ከኤሌክትሪኩ ከፊሉን አረፋ በመሥራት ያባክነዋል፤ ስለዚህ 45 ደቂቃ ማለቱ ይቀርባል። በየመሃሉ ብሎኖቹን ማዞር ግድ ነው፤ ዚንኩ ፊት ለፊት ያየውን ይሸፍናል እንጂ ጓሮ ዞሮ አይሄድም። ጉድጓድና የውስጥ ጥርስ ዘወትር ስስ ሆኖ ይቀራል።

«አንድ ሰዓት እንጨምርለት?» የሚለው ፈተና እዚህ ይመጣል። የብሎን ጥርስ በሁለት ጎኑ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚወፍር የ8 ማይክሮን ሽፋን መግጠሚያውን በ32 ማይክሮን ያህል ያጠብበዋል። ዳዶው እስከዚህ ይገባል። 25 ማይክሮን ያለበሱት ብሎን ግን ዳዶ አይቀበልም፤ በግድ ሲጠብቅ ዚንኩን ልጦ ይጥለዋል፤ ድካሙ ሁሉ ሮንዴላው ላይ ይራገፋል።

ሲወጣ የሚያምር አይደለም። ደብዛዛ ነው። በሶዳ ውሃ ታጥቦ፣ በለስላሳ ሽቦ ቡርሽ ሲታሽ ያበራል፤ እናቲቱም መጥተው አንዱን አንስተው ወደ ብርሃን አዩት። «ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» አሉ። ትክክል ናቸው።

ሁሉ ብሎን ግን ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ኤሌክትሪኩ ዚንክ ሲያመጣ ሃይድሮጂንም ያመጣል፤ ዝገት ለማስለቀቅ ያደረበት አሲድም እንዲሁ። የሃይድሮጂን ቅንጣት ጠንካራ ብረት ውስጥ ሰርጎ ይገባና ብረቱን ያሰብረዋል። የሚያስፈራው ሲወጣ ደህና መሆኑ ነው፤ ይጠብቃል፣ ሞተሩ ይሄዳል፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ጭነት ላይ እያለ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የብሎኑን ራስ አንብቡ። 8.8 የሚል ካለበት፣ ማለትም በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል የሚችል ከሆነ፣ አደጋው ትንሽ ነው። 10.9 ወይም 12.9 ካለ አይነካ። ሞላዎች አይነኩ። የጎማ አክሰል፣ የፍሬን ብሎን፣ የመሪው አንገት አይነኩ። ፋብሪካዎች እንዲህ ያለውን ዕቃ ከለበጡ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ምድጃ ለሰዓታት ያቆዩታል፤ ሃይድሮጂኑ እንዲወጣ። ምጣድ ላይ ማገላበጥ ያንን አይተካም፤ ምጣድ ዲግሪውን አይነግርም። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሦስት ሰው ጭኖ የሚወርድ ሞተር የፍሬን ብሎኑን ለሙከራ ማበደር የለበትም።

ሌላው የማይነካ የማይዝግ ብረት ማንኪያ ነው። ዚንክ ያጣ ሰው ከማዕድ ቤት ማንኪያ አንስቶ በፖዘቲቩ በኩል ሊሰቅል ይችላል፤ ማንኪያው ክሮም አለበትና ፈሳሹ ውስጥ ባለስድስት ክሮሚየም ሊፈጠር ይችላል፣ ካንሰር የሚያመጣው ዓይነት። ገንዳው አጠገብ ሲጋራ የለም፣ ክፍሉም አይዘጋም፤ የሚነሳው አረፋ ተቀጣጣይ ነው። ሲያልቅ ፈሳሹን በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቆላ ነው፣ ልጅ ይጠማዋል፣ ሃይላንድ ያየ ልጅ ደግሞ ይጠጣል።

ወደ ሮቢ ወንዝ መድፋትም አይሆንም። ዚንክ በልኩ ሕይወት ነው፤ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ጋር የዚንክ ክኒን ይሰጠዋል፤ ለይፋት ማሳ የሚመጣው ድብልቅ ማዳበሪያም አንዳንዱ ዚንክ አለበት። ከልኩ ሲያልፍ ግን ዓሣም ሰብልም ይመርዛል፤ ወንዙ ደግሞ የሽንኩርቱ ውሃ ነው። ፈሳሹ ላይ የልብስ ሶዳ ቀስ እያሉ ሲጨምሩበት ይፈላል፤ ፍላቱ ሲያቆም ነጭ ዝቃጭ ከታች ይቀመጣል። ዚንኩ አብዛኛው እዚያ ነው። ዝቃጩ ደርቆ ከድንጋዩ ጥቁር ዱቄት ጋር ታሽጎ ይጣላል፤ ሳሩ ላይ፣ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገንዳውን አለመድፋት ነው፤ ተጣርቶ፣ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ ለሚቀጥለው ይቀመጣል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ለበያጆች። ዚንክ የለበሰ ዕቃ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ትኩሳት ያመጣል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ይፋት የወባ አገር ነውና ሰውየው «ወባዬ ተነሳች» ብሎ ይተኛል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል፤ የወባ መድኃኒት ወስዶ ከነበረም መድኃኒቱን ያመሰግናል። ጠዋት ምን እንደበየደ የሚጠይቀው የለም። ወባን በምርመራ መለየት አይቀርም፤ ነገር ግን የበየዳ ቤት ሰው ለጤና ባለሙያው የቆርቆሮውን ጭስም ይንገር። ወተት መጠጣቱ አይጎዳም፣ ጭሱን ግን አያስወጣም፤ የሚበጀው የሚበየደውን ቦታ አስቀድሞ መፋቅና ንፋስ ባለበት መሥራት ነው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ይረባል? ከባሕር በራቀ ገጠር አየር ዚንክ በዓመት ከ1 ማይክሮን በታች እንደሚበላ ይገመታል፤ በዚህ ስሌት 8 ማይክሮን አሥር ዓመት ሊቆይ ነው። ይህ ግን በሰላም ለቆመ የአጥር ምሰሶ የሚነገር ሒሳብ ነው። ዩሪያ የሚጭን፣ ጭቃ የሚለጠፍበት፣ በመፍቻ የሚፋቅ ብሎን ከዚህ ጥቂቱን ቢያገኝ ነው። ለብቻው ተራ ብሎን ከሆነ፣ እንደ መካኒኩ እኔም አዲስ መግዛት ይቀላል እላለሁ፤ ብሎን በየሱቁ በኪሎ ይሸጣል፣ አንድ ቀን የሚጠብቅ ደንበኛም የለም። ሥራው ዋጋ የሚያወጣው ሱቅ ውስጥ ለሌለው ዕቃ ነው። ለዓመታት የእርሻና የጤና ሠራተኛ ሲያመላልሱ የኖሩ የጃፓን ሞተሮች አሁንም በየገጠሩ ይሄዳሉ፤ ቅንፋቸው፣ ማያያዣቸው፣ የካቴና ማጥበቂያቸው በቀላሉ አይገኝም። እነዚህ በቀለም ብቻ ሲያዙ በየክረምቱ ይሳሳሉ። አንድ ቀን ገንዳ ውስጥ ቢውሉ፣ ከዚያ በግሪስ ወይም በሰም ቢታሹ፣ ነጭ ዝገት የሚባለውን የዚንኩን የራሱን ሻጋታ ያዘገየዋል፤ ባለቤታቸው ሌላ ጥቂት ዓመት ይፈታቸዋል፣ ያጠብቃቸዋል።

ሁለት የባጃጅ ልጆች ብሎኖቹ ሲደርቁ መጥተው ቆሙ። አንዱ አነሳና አገላበጠ።

«ይሄ ነጭ ነው እንዴ? ኦርጅናሉ ቢጫ አይደል?»

ቢጫው የሚመጣው ከዚንኩ በኋላ ብሎኑ በባይክሮሜት ውሃ ለጥቂት ሰኮንድ ሲነከር ነው፤ ውሃው ያው ባለስድስት ክሮሚየም ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአዳዲስ መኪኖች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከልክሎታል፤ ፋብሪካዎችም ወደ ባለሦስቱ ክሮሚየም፣ ወደዚያ ነጣ ወዳለው ሰማያዊ ሄደዋል። ዛሬ ቢጫ ሆኖ የሚሸጠውም አንዳንዱ ማቅለሚያ የገባበት ነው። በሳህን፣ በኒም ዛፍ ሥር የሚሠራ ነገር አይደለም።

መካኒኩ ይህን ሁሉ አላብራራም። «አዲሱ ሞዴል ነጭ ነው» አለው፣ ብሎኑን ከእጁ ተቀብሎ ግሪስ ጣሳው ውስጥ እየነከረ።

«ስንት ትለኛለህ ታዲያ፣ የእኔን የኋላ ቅንፍ?»

«መጀመሪያ አምጣው። ፍቀህ፣ አጥበህ ካመጣኸው በግማሽ።»